አክስቴን በካሜራ ይዤ፣ ከገሱባ እስከ ዲምቱ

በ2018 ዓ.ም.፣ ጥቅምት በገባ ሰሞን ነው። ዝናቡ ቆሟል፤ የዳሞታ ተራራ አናት ጉሙን ጥሎ ከሶዶ መሀል ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጊፋታ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ አልፏል። ለበዓሉ የመጣው ዘመድ ሁሉ ወደየሥራው ተመልሷል።

በዚህ ገጽ ላይ ስለ ትንሿ ካሜራዬ ብዙ ጊዜ ጠይቃችሁኛል። ሁሉም ሰው ስልክ በያዘበት ጊዜ እንዲህ ያለች ርካሽ ካሜራ ምን ትጠቅማለች ነው ጥያቄያችሁ። ትጠቅማለች። ስለ ሌንሷና ስለ ባትሪዋ ብቻ ከምጽፍላችሁ ግን፣ በዚያ ሰሞን ይዣት የሄድኩትን መንገድ ብነግራችሁ ይሻላል።

ሐሙስ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሶዶ

ልጄ ሊዲያ እስከ በር ሸኘችኝ። ካሜራዋን ቦርሳዬ ውስጥ ስከት አይታ፣ "እማ፣ ሙዚየም ነው የምትሄጂው?" አለችኝ። ካሜራዋን የገዛኋት እሷ አንደኛ ክፍል በገባችበት ዓመት ነው። ሳሙና የምታህል፣ የብር ቀለም ያላት፣ በሁለት ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ የምትሠራ ናት። ሱቁ ውስጥ ከነበሩት ሁሉ ርካሿ እሷ ነበረች። ሊዲያ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ናት፤ ካሜራዋም ትሠራለች። ስለ ሁለቱም እግዚአብሔር ይመስገን።

የምሄደው ስለ ሁለት አክስቶቼ ነው። ትልቋ ባሎቴ ዲምቱ ትኖራለች። ታናሿ ዘነበች ከገሱባ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ናት። እናቴ በልጅነቴ ስትሞት ያሳደጉኝ እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ አንዷ ስትደክም ሌላዋ እየተቀበለች። አሁን የባሎቴን ዓይን ሞራ ጋርዶታል፣ የዘነበች ጆሮ ተዘግቷል። ከተያዩ ቆይተዋል። የዘነበች ጉልበት መኪና አያስወጣትም፤ ባሎቴ ደግሞ መንገዱ አይታያትም።

ለባሎቴ ሶዶ ውስጥ የሞራ ቀዶ ሕክምና ወረፋ ደርሷታል። ቅዳሜ ጠዋት ነው። ልጇ መርክነህ ስንቴ ተመላልሶ ያገኘው ወረፋ ነው። እሷ ግን አልሄድም አለች። "ዘነበች ከሌለች ዓይኔ ምን ሊያይ ነው?" ትላለች።

ዘነበች አለች። ባሎቴ ግን አታምንም፤ የማታምንበትን ምክንያት የእኛን አገር የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል። መርዶ እዚህ በድንገት አይነገርም። የሚሰማው ሰው ታማሚ ከሆነማ ጭራሽ ይደበቃል፤ ደህና ናት፣ ተኝታለች፣ ኃይለኛ ጉንፋን ይዟት ነው ይባላል። ቀኑ ሲደርስ ዘመዶች ተሰብስበው፣ ገና ሳይነጋ በር ያንኳኳሉ። የባሎቴ ወንድም በሞተ ጊዜ እንዲሁ ነው የሆነው፤ እህሉ እስኪገባ ድረስ ደብቀዋታል። ታዲያ ነሐሴ ላይ ከገሱባ በኩል ሦስት ዘመዶች በሬ ሊገዙ ወደ ዲምቱ ወረዱ። ገበያው ሳይሞላ እንድረስ ብለው ሌሊት ተነሥተው በንጋት በሯን አንኳኩ። ባሎቴ ድምፃቸውን ስትሰማ ጮኸች። ሰዎቹ የመጡት ለበሬ እንደሆነ ምለው ነገሯት። እሷ ግን ሊያረዱኝ መጥተው ለመንገር ልብ አጥተው ነው የተመለሱት ብላ ያዘች።

በስልክ እንዳይገናኙ፣ ኔትወርኩ ያለው ከዘነበች ቤት በላይ ያለው ጉብታ ላይ ነው። አንድ ጊዜ የልጇ ሚስት ታሪኳ ከጎረቤት ጋር ተሸክማ አውጥታት ነበር። ዘነበች ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገች፤ ምንም አልሰማ ሲላት "ተቋርጧል" ብላ መለሰችላቸው። ከዚያ በኋላ እሺ አላለችም። ለባሎቴ በስልክ የተነሣ ፎቶም ተልኮላት ነበር። ባሎቴ የልጅ ልጆቿ በስልክ የፎቶ ፊት እያሳቁ ሲጫወቱ ሰምታ ኖሮ፣ "ስልክ የሞተ ሰውም ያስቃል" አለች። ይህን እንኳ አልተሳሳተችም።

በመጨረሻ እኔ ደወልኩላት። "በዚያች በአንቺ ካሜራ አንሥተሽ ካመጣሽ አምናለሁ" አለች። የልጆቼን ልደት፣ የመርክነህን ሠርግ፣ የእሷን የራሷን መታወቂያ ፎቶ ያነሣሁት በዚህችው ነው። እንዴት ልታዪው ነው ስላት፣ "መርክነህ ያይልኛል፤ እሱ መዋሸት አይችልበትም" አለችኝ።

ሐሙስ ጠዋት፣ የገሱባ መንገድ

መናኸሪያ ስደርስ ሚኒባሱ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። ከሾፌሩ ኋላ ተቀመጥኩ። ከከተማ እንደወጣን አስፋልቱ አለቀ። ግራና ቀኙ እንሰት፣ ቡና፣ የደረሰ ጤፍ ነው። ሴቶች ስኳር ድንች በጀርባቸው አዝለው በመንገዱ ዳር ይሄዳሉ። ጎማው ድንጋይ በረገጠ ቁጥር ቦርሳዬን ወደ ደረቴ አስጠጋለሁ።

ሾፌሩ በመስተዋት አየኝ። "እናቴ፣ እንቁላል ነው እንዴ የያዝሽው?"

ካሜራ ነው አልኩትና አውጥቼ አሳየሁት። ሳቀ። እሱም አንድ ጊዜ እንዲህ ያለች ነበረችው፤ ቀይ፣ ከዚህች ትንሽ የምትሰፋ። ጓደኞቹን ኳስ ሜዳ ሲያነሣባት ኖሮ ስማርት ስልክ ሲገዛ በርካሽ ሸጣት። ፎቶዎቹን ሁሉ ወደ ስልኩ አዛውሮ ነበር። ስልኩ ሶዶ ገበያ ውስጥ ተሰረቀ።

"ስልኩን ረስቼዋለሁ፤ አዲስ ገዛሁ" አለ። "አባቴ ግን እዚያ ውስጥ ነበር።"

ከጎኔ የነበረች ነጋዴ ከንፈሯን መጠጠች። ሾፌሩ ወሬውን ለመቀየር ያህል መኪናዬን አንሺልኝ ብሎ ቀለደ። ገሱባ ስንደርስ አነሣሁለት። በሩ ላይ እጁን አሳርፎ፣ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ ቆመ። አሳጥቤ ከመናኸሪያው ተራ አስከባሪ ዘንድ አስቀምጥልሃለሁ አልኩት፤ አስቀምጬለታለሁም።

ሐሙስ ረፋድ፣ ገሱባ

ገበያው ገና እየሞላ ነው። ሙዝ፣ አቮካዶ፣ በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ፣ የዶሮ ጩኸት። ለዘነበች ሙዝና ስኳር ገዛሁ። የቤተ ክርስቲያናችን ወንጌላዊ የሆነው ዳና አንድ ሻይ ቤት በር ላይ አገኘኝ። የእሱና የእኔ ካሜራ አንድ ዓይነት ናቸው፤ በአንድ ቀን ከአንድ ሱቅ ነው የገዛናቸው። እንዴት ናት የእህቴ ካሜራ አለኝ። ደህና ናት አልኩት። የእሱን ጠየቅሁት።

ከጃኬቱ ኪስ አወጣት። ሌንሷ ወጥታ ቀርታለች፣ አትገባም፣ አትበራም። ለአገልግሎት ገጠር ሲወጣ በሶ ከያዘበት ቦርሳ ውስጥ ነው የከተታት። ዱቄቱ በሌንሷ ዙሪያ ገብቶ ነክሶ ያዛት። ታዲያ እስካሁን ከኪሱ አይለያትም።

"ምን ታደርግልሃለች?" አልኩት።

"ልጆች ሲረብሹ አወጣታለሁ። ፎቶ የሚነሡ መስሏቸው ቀጥ ብለው ይቆማሉ።"

የእኔን አገላብጦ አየና ሁልጊዜ በላስቲክ ጠቅልያት አለኝ። እኔ ከድሮም በላስቲክ ነው የምይዛት፤ ለእናንተም ይኸው ተናግሬአለሁ። ከዚያ ስከፍታት ቀይ የባትሪ ምልክት አሳየችኝ። ይህ ጥሩ ጎኗ ነው፤ ቻርጀር አትፈልግም፣ የባትሪ ድንጋይ የትም ሱቅ አለ። መጥፎ ጎኗም ይኸው ነው፤ የገጠር ሱቅ ድንጋይ ጥቂት ፎቶ አንሥቶ ይደክማል። ሁለት ገዝቼ ቀየርኩ። ሱቁ ውስጥ ሌላ አልነበረም።

ድንጋይ ሲቀየርላት ቀኑን ትረሳለች። አብርቼ ስይዛት ዓመትና ወር ጠየቀችኝ። ሱቁ ባንኮኒ አጠገብ ቆሜ 2018 ብዬ ሞላሁ። ወሩ ጥቅምት ነው፣ ሁለት አልኩ። ቀኑ ስድስት። ፎቶው ጥግ ላይ ቀኑ በብርቱካን ቀለም እንዲወጣም አደረግሁ። ባሎቴ ቀኑን ስትሰማ ጥርጣሬዋ ሁሉ ይወድቃል ብዬ በሆዴ ደስ አለኝ።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ የዘነበች ደጅ

ከገሱባ በሞተር ብስክሌት ሄድኩ፤ የመጨረሻውን ዳገት በእግሬ። ታሪኳ ከሩቅ አይታኝ ሮጣ መጣች። ዘነበች እንሰቱ ጥላ ሥር ተቀምጣ ባቄላ ትፈለፍላለች። ቀና ብላ አየችኝና ሳህኑን ከእግሯ አስወገደች። አቀፈችኝ። ከስተሻል፣ አይመግቡሽም ወይ አለችኝ፤ የማይሰማ ሰው እንደሚናገር ጮክ ብላ፣ ጉብታው ላይ ያለው እረኛ ሁሉ እስኪሰማ።

ታሪኳ በጣም ብልህ ልጅ ናት። ከአማቷ ጋር የምትነጋገርበት የእጅ ቋንቋ ራሷ አበጅታለች። ባሎቴን ለመጥራት ወደ ቆላው ትጠቁምና ጣቶቿን ዓይኗ ላይ ትጋርዳለች። የመጣሁበትን ጉዳይ በዚያ አስረዳቻት። ባሎቴ፣ ዓይን፣ ሐኪም፣ እምቢ። ከዚያ እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች፤ ሞተሻል ትላለች ማለቷ ነው።

ዘነበች እጇ ላይ የቀረውን ባቄላ አየችው። "እኔ?" አለች።

ታሪኳ ራሷን ነቀነቀች።

ብድግ አለች። ያለ ምርኩዝ መነሣት ከተወች የቆየች ሴት ያለ ምርኩዝ ተነሣች። ነጠላዋን አስተካክላ በሩ ላይ ቆመች። እኔም ካሜራዬን አውጥቼ ቁልፉን ተጫንኩ። ዝም። ፍላሽ የለም፣ የምታሰማው ጠቅታ የለም። እንደገና ተጫንኩ፤ እንደገና ዝም። ዘነበች በዚህ መሀል እየተናገረች ነው፤ ስለ እህቷ ብዙ ተናገረች። እኔ ካሜራዋን ወደ ታች ዘቅዝቄ ከቁልፎቹ ጋር ስታገል ግማሹን አልሰማሁም። ኋላ ሳየው ከላይ ያለችው የምትሽከረከረው ቁልፍ ቦርሳ ውስጥ ተፋትጋ ከቦታዋ ተንሸራታለች። ይህ የቆየ ጠባይዋ ነው። መለስኳት። ጠቅ አለች።

ሦስት ጥሩ ፎቶ አነሣሁ። በሦስቱም ዘነበች ተቆጥታለች። ፈገግ በይ ብዬ በጣቴ ከንፈሬን ለጥጬ አሳየኋት፤ ይብሱን ተቆጣች።

ታሪኳ ቦይና የምንለውን ጎደሬ ቀቅላ በዳጣና በአይብ አቀረበችልን። በላን። ከመሄዴ በፊት ጸለይን። ዘነበች ጸሎቱን ስለማትሰማ የእኔን እጅ ይዛ ከንፈሬን ታያለች፤ አሜን ስል እኩል አሜን አለች። ማታ ሶዶ ገባሁ።

ዓርብ ጠዋት፣ ወደ ዲምቱ

ዛሬ ስለ አለባበሴ አሰብኩ። ነጠላ ተውኩ። ለጊፋታ የገዛሁትን የዱንጉዛ ሻርፕ ለበስኩ፤ ቀዩ፣ ቢጫው፣ ጥቁሩ ከሩቅ ይጮኻል። ብቻዬን ልሄድ፣ ፀሐይ ከፍ ካለች በኋላ ልደርስ ወሰንኩ። መርዶ ነጋሪ እንዲህ አይመጣም። ሊዲያ ጥሩ ሐሳብ ነው አለች፤ የዚያን ቀን ካሜራዋን አልሰደበቻትም።

መንገዱ ወደ ቆላ ይወርዳል። አየሩ ይሞቃል፤ እንሰቱ እየሳሳ በቆሎና ግራር ይበዛል። አህያ የሚጎትታቸው የውኃ ጋሪዎች ይመጣሉ። መስኮቱን ስንከፍት አቧራ፣ ስንዘጋ ሙቀት። ካሜራዋ በሁለት ላስቲክ ተጠቅልላ ጭኔ ላይ ናት። ሁለት ቀን ሙሉ የልጅ ያህል ተሸክሜያታለሁ። ልቤ ግን ሙሉ ነው። የተጠየቅሁትን ይዣለሁ።

ዓርብ ቀትር፣ ዲምቱ

ባሎቴ ግቢዋ ውስጥ ማንጎው ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ድምፄን ሰምታ እጇን ዘረጋች። ሻርፔን በጣቷ ዳሰሰች። "ምን ለብሰሽ ነው?"

"ዱንጉዛ።"

"ዱንጉዛ" አለች ለራሷ። ትከሻዋ ሲላላ አየሁት። አጠገቧ አስቀመጠችኝ፣ እጇን ጉልበቴ ላይ አሳረፈች።

መርክነህ ከግብርና ጽሕፈት ቤት ለምሳ መጥቷል። ጠንቃቃ ሰው ነው፤ ሲናገር ቃል ይመርጣል። ካሜራዋን ሰጠሁት። ስክሪኗን በመዳፉ ከፀሐይ ከልሎ ማየት ጀመረ።

"ቤታቸው በር ላይ ቆማለች" አለ። "ነጠላዋን አጣፍታለች። ከኋላዋ እንሰቱ አለ። ፊቷ ኮስተር ብሏል።"

"ኮስተር ካለች እሷ ናት" አለች ባሎቴ። ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር።

መርክነህ ካሜራዋን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። "ጥጉ ላይ ቀን አለው" አለ። አነበበው። "ሁለት ሺህ አሥራ ስምንት፣ ሁለተኛ ወር፣ ስድስት።" ቆመ፤ ሲያሰላ ግንባሩ ተቋጠረ። የካሜራ ቀን የፈረንጅ እንደሆነ ቢሮ የዋለ ሰው ሁሉ ያውቃል። "እንግዲህ በእኛ… ጥር መጨረሻ፣ ሁለት ሺህ አሥር። የቆየ ፎቶ ነው እንዴ?"

የባሎቴ እጅ ከጉልበቴ ላይ ተነሣ።

ቶሎ ተናገርኩ። ፎቶው የትናንት ነው፣ ባትሪ ስቀይር ቀኑን በእኛ አቆጣጠር የሞላሁት እኔ ነኝ አልኩ። መርክነህም ነገሩ ገባውና እውነቷን ነው እማዬ አለ፤ ላብ በላብ ሆኖ። የገሱባውን ሱቅ ነገርኳት፣ ስለ ድንጋዩ ነገርኳት። ባወራሁ ቁጥር ነገሩ ለራሴም ውሸት ውሸት እየመሰለ ሄደ።

"በቀትር መጣሽ፤ ዱንጉዛ ለብሰሽ መጣሽ" አለች ባሎቴ በቀስታ። "እንዳይገባኝ ነው?"

የራስ መሸፈኛዋን ፈታች። ጣለችው። ከዚያ የእህቷን ስም ጠራች፤ ሰው የሞተን ሰው በሚጠራበት ድምፅ።

በአጥሩ ማዶ ልብስ የምታሰጣው ጎረቤት ሰማች። እጇን ራሷ ላይ አድርጋ ገባች። ሁለተኛዋ ተከተለች፤ ሦስተኛዋ ምን እንደሆነ እንኳ ሳትጠይቅ እያለቀሰች ደረሰች። ደግ ሰዎች ናቸው። ጥቂት ቢቆይ ድንኳን ይተከል ነበር፤ ነገ ጠዋት ደግሞ የሆስፒታሉ ወረፋ ያልፋል። መርክነህ በሴቶቹ መሀል እየዞረ አልሞተችም ይላል። የሚሰማው የለም። ልጅ እንዲህ እንደሚል ሁሉም ያውቃል።

ጌታ ሆይ፣ እርዳኝ አልኩ። ከዚያ በላይ ቃል አልነበረኝም። ካሜራዋን ከአግዳሚው ላይ አነሣሁ። ሌላ ፎቶ፣ ሌላ ማስረጃ ፍለጋ ወደ ኋላ መለስኩ። ቀዩ የባትሪ ምልክት ብልጭ ድርግም ይላል። ከሦስቱ ፎቶ በፊት አንድ የተበላሸ አለ፤ የዘነበች እግርና የቀሚሷ ጫፍ ብቻ፣ ጠማማ። ማታ ልሰርዘው አስቤ ደክሞኝ የተውኩት ነው። መሀሉ ላይ ትንሽ ቀስት አለች። ቀስቷን ተጫንኩ።

እግሩ ተንቀሳቀሰ። የዘነበች ድምፅ ወጣ፤ ያቺ ከላይ ያለችው ቁልፍ የተንሸራተተችው ወደ ቪዲዮ ኖሯል።

የካሜራዋ ድምፅ ማውጫ የምስር ፍሬ ቢያህል ነው። ዘነበች ግን ጉብታ ለጉብታ የምትጣራ ሴት ናት።

"ባሎቴ! ሞተች አልሽ አሉ። ማን ነው የገደለኝ? ባቄላ እየፈለፈልኩ ነው። ዓይኔን ለሐኪም አልሰጥም አልሽ አሉ ደግሞ። እኔ አልሰማ፣ አንቺ እምቢ ብለሽ አታዪ፤ ሁለታችን ተደምረን አንድ ሰው እንኳ አንሞላም። ግትር። ከልጅነትሽ ጀምሮ ግትር ነሽ። ሂጂ ተሠሪና መጥተሽ እዪኝ። ታ ሚቼ፣ እህቴ፣ ናፍቀሽኛል።" ከዚያ የእኔ ድምፅ፣ "ቆይ አክስቴ፣ እምቢ አለችኝ።" ከዚያ ዘነበች፣ "ምነው ይሄ ዕቃ አልበራም? በርካሽ ገዝተሽ ነው።"

የመጀመሪያዋ ጎረቤት እጇን ከራሷ ላይ አወረደች።

ባሎቴ አንገቷን ወደ ድምፁ አዘንብላለች። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ ቆሟል። ባሎቴ ሐኪም ቤት ትሂድ የተባለው ከመስከረም ወዲህ ነው፤ ዘነበች ይህን ልትናገር የምትችለው በሕይወት ካለች ብቻ ነው። ይህን ማንም አላስረዳትም፤ ማስረዳትም አላስፈለገም።

"ድገሚው" አለች።

ደገምኩት። "ግትር" የሚለው ላይ ሲደርስ ካሜራዋ ጠፋች። ድንጋዩ አለቀ። መርክነህ ወደ ቤት ሮጠ፤ የግድግዳውን ሰዓት አውርዶ ድንጋዩን ፈልቅቆ መጣ። አንዱ ድንጋይ ከሰዓቱ፣ ሌላው ከሬዲዮኑ። ካሜራዋ ስትበራ ዓመተ ምሕረት ጠየቀችኝ። ለመርክነህ ሰጠሁት። እሱም ቁልፉን ሳይነካ ለእኔ መለሰልኝ። ሳንሞላ አለፍነው።

ባሎቴ ደጋግማ ሰማችው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ መልስ መስጠት ጀመረች።

"እኔ ነኝ ግትር? ስልክ አላናግርም ያለው ማን ነው?"

ጎረቤቶቹ ሳቁ። ለልቅሶ የመጡት ለምሳ ቆዩ። መርክነህ እግሯ ሥር ተንበርክኮ ይቅርታ ጠየቃት። "አንተማ ያየኸውን ተናገርክ" አለችው፣ ጸጉሩን እየዳሰሰች። "ለዚህ ነው አንተን ያልኩት።"

መሬት ላይ የወደቀውን የራስ መሸፈኛዋን አንሥቼ አቧራውን አራግፌ ሰጠኋት። አሰረችው። "ጫማዬ የት አለ?" አለች። "ነገ አይደል ወረፋው?"

ዓርብ ማታ፣ ሶዶ

በመጨረሻው ሚኒባስ ሦስታችን መጣን። ባሎቴ መንገዱን ሙሉ ካሜራዋን በሁለት እጇ ይዛ ነበር፤ ላስቲኩን አውልቁላት፣ ትታፈናለች አለች። አቧራ አለ ብዬ ተከራከርኳት። አልሰማችኝም። ሊዲያ የባሎቴን እግር አጥባ ራት አቀረበችላት። ማታ ባሎቴ የዘነበችን ድምፅ አስከፍታ ሰማች። ሊዲያ በስልኳ ልቅዳው አለች፤ መጠባበቂያ ቢኖረው መልካም ነውና ፈቀድኩላት። ስለ ካሜራዋ ሌላ ቃል አልተናገረችም። እኔ ከመተኛቴ በፊት ከፎቶው ጥግ ላይ ቀን የሚያወጣውን አጠፋሁት። ለምትገዙ ሁሉ ምክሬ ይህ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት

በጠዋት ባጃጅ ይዘን ሆስፒታሉ ግቢ ደረስን። ሰው ሞልቷል፤ ሁሉም አንድ ዓይኑን በእጁ ከልሎ ፀሐዩን ይሞክራል። አግዳሚ ላይ ቦታ ለቀቁልን። ጸለይን።

"ለዘነበች አንሺኝ" አለች ባሎቴ።

መናገር ከፈለግሽ ድምፅም ትቀዳለች አልኳት።

"አትሰማኝ፤ ምን ያደርጋል።" ትንሽ አሰበች። ከዚያ ተነሥታ ቆመች፣ ምርኩዟን ከራሷ በላይ አነሣች፣ ወደ እኔ ድምፅ ዞራ ነቀነቀችው፤ ልጅ ሆነው ዘነበች ስትሳደብ ታደርገው እንደነበር። "ይሄ ይገባታል" አለች።

ከላይ ያለችውን ቁልፍ ቦታዋ ላይ መሆኗን አይቼ ተጫንኩ። ጠቅ አለች።

ስሟ ተጠራ። ምርኩዟን ለእኔ ሰጥታ፣ የመርክነህን ክንድ ይዛ ገባች።